ሲሶ ግዳጅ

በአውሮጳውያን አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አራት ዓመት፣ የማርች ወር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሺር የስካርዊክ ሜዳ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰነበተ፤ ድንች የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ ሰውን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይውጥ ነበር፤ በዚያ መሬት መካከል፣ ከሦስት ገበሬዎች እርሻ ተቆርሶ በተሰጠው ሜዳ ላይ፣ የግርማዊ ንጉሡ አየር ኃይል ከባድ ቦምብ ጣይ ስኳድሮን ሰፍሮ ነበር። ላንካስተር የሚባሉት ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ሸራ ለብሰው፣ በአጥሩ ዙሪያ ተበታትነው፣ ከላሞቹ ጎን ቆመው ይውላሉ፤ ሲመሽ ተነሥተው ወደ ጀርመን ከተሞች ይሄዳሉ፤ ሲነጋ የተመለሰው ይመለሳል፤ ያልተመለሰውን ሰው ስሙን አንሥቶ አያወራም። እኛ የስካርዊክ ሰዎች ሁለት ክረምት እንዲህ ኖረን ለምደነው ነበር፤ ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ!

ሕጉ አንድ ነበር፤ ሠላሳ ግዳጅ። ሠላሳ ጊዜ ሄዶ ሠላሳ ጊዜ የተመለሰ በራሪ ከውጊያ ይነሣል፤ ፈቃድ ወስዶ ቤቱ ይገባል፤ ከዚያም ጀማሪዎችን ወደሚያስተምርበት ጸጥ ያለ ጣቢያ ይዛወራል። ሠላሳ የሞላላቸው ጥቂቶች ናቸው። የሞላላቸው ግን በመንደራችን "ሰባቱ ኮከቦች" መጠጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወጥተው፣ ሻማ አብርተው፣ በጭሱ ስማቸውን ጣሪያው ላይ ይጽፋሉ፤ እኛም ከታች ሆነን እናጨበጭባለን። ያልጨረሰ ሰው እዚያ ጣሪያ ላይ አይጽፍም፤ ጄኔራልም ቢሆን።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በራሪዎቹ ሁሉ በመግለጫው አዳራሽ ተሰበሰቡ፤ ቤቱ እርጥብ ካፖርትና ትምባሆ ይሸት ነበር፤ የስኳድሮኑ አዛዥ መድረኩ ላይ ወጥተው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ዘረጉ።

"ከበላይ የደረሰ ትእዛዝ ነው" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ በፈረንሳይ ምድር ላይ የሚፈጸም ግዳጅ እንደ ሲሶ ይቆጠራል፤ ሦስቱ ተደምረው አንድ ይሆናሉ። መንገዱ አጭር ነው፤ መከላከያውም የሳሳ ነው። ጥያቄ ያለው አለ?"

ከኋላ ወንበር አንድ ረጅም ሰው ተነሣ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር፣ ጌታዬ።"

"ጠይቅ፣ ሃምሳ አለቃ ቶይን።"

"ፈረንሳይ ላይ የተመታ ሰው የሚሞተው ሲሶውን ነው ወይስ ሙሉውን?"

ሳቁ አዳራሹን ናጠው። አዛዡ ከንፈራቸውን ነከሱ፤ እውነቱን ለመናገር እርሳቸውም ጠዋት በስልክ ሲሟገቱ ቆይተው፣ "የታዘዙትን ያንብቡ" ተብለው ነው ወደዚያ የመጡት፤ ይሁን እንጂ አዛዥ ናቸውና "ተቀመጥ" ብለው ወደ ካርታው ዞሩ።

ይህ ሬጂናልድ ቶይን፣ እኛ ሬጅ የምንለው፣ የጭራ ተኳሽ ነበር፤ በአውሮፕላኑ መጨረሻ፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ ቀፎ ውስጥ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ አራት መትረየስ ይዞ የሚቀመጥ፤ ትንፋሹ አገጩ ላይ በረዶ የሚሠራበት፤ ከጓደኞቹ ተነጥሎ የመጡበትን ብቻ እያየ የሚሄድ ሰው። ዕድሜው ሃያ ስምንት ሲሆን፣ በአንድ አውሮፕላን አብረው ከሚበሩት ሰባት ባልደረቦች ትልቁ እርሱ ነው፤ "አለቃ" የሚሉት አብራሪያቸው መቶ አለቃ ጄፍሪ ሃርከር ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። ሌላው በራሪ ከካናዳም ከአውስትራሊያም ሲመጣ፣ ሬጅን ዕጣው ከተወለደበት ቤት አንድ ማይል በማይርቅ ሜዳ ላይ ጣለው፤ በልጅነቱ ድንች ከለቀመበት መሬት ነው የሚነሣውም የሚያርፈውም።

በኛ አገር የእርሻ ሎሌ ለዓመት ይቀጠርና በሜይ አሥራ አራት ልብሱን በጨርቅ ቋጥሮ፣ ከአንዱ ጌታ ወጥቶ ወደ ሌላው ይገባል፤ ቀኑንም "ልብስ መቋጠሪያ" እንለዋለን። ሬጅ ከልጅነቱ ጀምሮ በየዓመቱ ለሌላ ሰው ሲቋጥር ኖሯል። ዘንድሮ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ሊቋጥር ነው፤ በመንደሩ ዳር ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ጎጆ፣ ከነአሳማ ማደሪያዋና ከነጓሮዋ፣ ባለርስቱ በዚያን ቀን ሊያከራየው ቃል ገብቷል። ሚስቱን ሂልዳን ግን "ባልሽ ግዳጁን ጨርሶ በቀኑ ከመጣ ያንቺ ናት፤ ካልመጣ ለሌላ እሰጣለሁ፤ መሬት በሴት ብቻ አይታረስም" ብሏታል። ሂልዳ ከተጋቡ ጀምሮ በእህቷ ቤት የኋላ ክፍል ተጠግታ፣ የእህቷን ፊት እያየች ትኖር ነበርና፣ ያችን ጎጆ ሌሊት በህልሟ ስትጠርግ ነው የምታድረው። ሬጅ ሃያ ስምንት ግዳጅ ጨርሶ ሁለት ብቻ ቀርቶት ነበር።

"ሲሶ?" አለች፣ ነገሩን በአጥሩ ላይ ተደግፎ ሲነግራት። "የሥጋ ራሽን ነው እንዴ?"

"እንደዚያው ነገር ነው። ሁለት የቀረኝ ስድስት ሆነ።"

"ማነው ይህን ያሰበው?"

"ጠረጴዛ ያለው ሰው ነዋ።"

"እሱን አንድ ቀን ካንተ ቦታ አስቀምጡትና ፈረንሳይን አሳዩት!"

"ቦርጩ አያስገባውም፣ ቀፎዋ ጠባብ ናት" ብሎ ሳቀ። ሂልዳ አልሳቀችም፤ እስከ ልብስ መቋጠሪያ ስንት ሳምንት እንደቀረ በጣቶቿ እያሰበች ነበር።

አውሮፕላኖቹ የሚጠሩት ጎናቸው ላይ በተጻፈው ፊደል ነው፤ የነሃርከር ፊደሏ "ኪው" ነውና "ኩዊኒ" ትባላለች። ከፋብሪካ እንደመጣች የተረከቧት እነሱ ናቸው፤ ግዳጅ ሁሉ የሄዱትም በርሷ ነው። በየግዳጁ መልስ፣ ከአብራሪው መስኮት ሥር፣ አፍንጫዋ ላይ አንዲት ቢጫ ቦምብ ትሳላለች፤ ሳዩዋም አስር አለቃ አምብሮስ ዳድሊ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ የመጠጥ ቤት ሰሌዳ ሲቀባ የኖረ፣ አሁን ሞተር የሚጠግን፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነበርና ልጆቹ ሁሉ "አባባ" ይሉታል። ከመጀመሪያው የፈረንሳይ ግዳጅ ሲመለሱ መሰላሉ ላይ ብሩሹን ይዞ ግራ ተጋብቶ አገኙት።

"አባባ፣ ሲሶ ቦምብ እንዴት ይሳላል?" አለው ሃርከር።

"እኔም እሱን ነው የምጠይቀው። ጦርነት እንጂ አይብ ችርቻሮ መግባታችንን ማንም አልነገረኝም።"

"ጭራውን ሣልልኝ" አለ ሬጅ። "ጭራው የኔ ድርሻ ነው።"

እንደዚያው ሆነ፤ ለመጀመሪያው ጭራ፣ ለሁለተኛው ሆድ፣ ለሦስተኛው ራስ ተደረገና አንዲት ቦምብ ሦስት ጊዜ በሞት ፊት በማለፍ ተሠራች። ነገሩ ቀልድ ነበር፤ ግን ከሌሎቹ አውሮፕላኖች የመጡ ልጆች አይተው ሳይስቁ የሚሄዱበት ጊዜ ነበር። የመንደሩ መንገድ ከኩዊኒ መቆሚያ በቁጥቋጦ አጥር ብቻ ነው የሚለየውና፣ ሂልዳም ለዶሮዎቿ መኖ ልታመጣ ስታልፍ ቆም ብላ ታያለች፤ ባሏ አስተምሯታልና ጭራ ብቻ ስታይ "ስድስት የነበረው አምስት ቀረ" ትላለች።

ኤፕሪል ገባ። ቀላል የተባለው ፈረንሳይ ቀላል አልነበረም፤ ወዳጅ ጦር ባሕር ተሻግሮ ሊገባ እንደተቃረበ ጀርመኖቹ ገብቷቸው ነበርና፣ የሌሊት ተዋጊ አውሮፕላኖቻቸውን ቦምብ በሚጣልባቸው የባቡር ሐዲዶች ላይ አሰማርተው ይጠብቁ ነበር። ሐዲድ ደግሞ ያለ ሰፈር አይሠራም፤ ከሐዲዱ ማዶ ልጆቻቸውን አስተኝተው የሚያድሩ ፈረንሳዮች ነበሩ፤ እነርሱን በሲሶም በሙሉም የቆጠራቸው የለም። ሬጅ ይህን ያውቅ ነበር፤ እርሱ ወደ ኋላ ነውና የሚያየው፣ ጥለውት የሚመጡትን እሳት ከሁሉም ይልቅ አብዝቶ የሚያየው እርሱ ነው። ስለዚህ ነገር ለሂልዳ አንድም ቀን አልነገራትም።

አምስተኛውን የፈረንሳይ ግዳጅ ሲመለሱ ኩዊኒ ቀኝ ክንፏ ተቦጫጭቆ ነበር፤ አፍንጫዋ ላይ ሃያ ዘጠኝ ሙሉ ቦምቦችና አንዲት ራስ የሌላት ቦምብ ይታዩ ነበር። ወጣቱ ሃርከር በማግሥቱ ኮፍያውን በብብቱ ይዞ አዛዡ ፊት ቆመ።

"ጌታዬ፣ የቀረችን አንዲት ሲሶ ናት። ይተዉልን። እጆቼ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል፤ ልጆቹ እንዲያውቁ አልፈልግም።"

አዛዡ እጆቹን አዩ፤ የራሳቸውንም ከጠረጴዛው ሥር አወረዱ። "ብችል ትናንት በተውኩላችሁ፣ ሃርከር። ግን ላንተ ከተውኩ ለነማን አልተውም? ያቺን አንዲት ፈረንሳይ ሂዱና ጨርሱ። ከዚያ በኋላ ፊታችሁን እዚህ እንዳላይ።"

የሜይ ሦስተኛ ቀን ረፋድ ላይ ወሬው መጣ፤ ማታ ፈረንሳይ ነው፤ የጀርመን ታንከኞች የሰፈሩበት ካምፕ። ኩዊኒ ጥገና ላይ ናትና እነሃርከር በተጠባባቂ አውሮፕላን ይሄዳሉ። ሬጅ አንድ ሰዓት ፈቃድ ጠይቆ ወደ ሂልዳ ሲመጣ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው ተደፍኖ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ መስሎ ነበር።

"ይህን ጉንፋን ይዘህ ነው የምትበረው? ጆሮህ ይፈነዳል!" አለችው። "ሐኪሙ ዘንድ ሂድ፤ አንድ ቃል ብትተነፍስ ያስቀሩሃል።"

"ያስቀሩኛል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"ልጆቹ ዛሬ ሌላ ተኳሽ ይዘው ሄደው ይጨርሳሉ፤ እኔ ሲሶዬን ታቅፌ እቀራለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ ተኳሽ ከጎደለበት ከማንም ጀማሪ ጋር ይለጥፉኛል፤ ስሜን እንኳ ከማያውቅ ልጅ ጋር። ሂልዳ፣ ጭራ ላይ የተቀመጠ ሰው ከፊት ያለውን ካላመነ አለቀለት። ጄፍሪን አምነዋለሁ።"

"ለአንዲት ሲሶ ብለህ?"

"ለጎጆዋ ብዬ።"

"ጎጆዋ ገደል ትግባ! እኔ ጎጆ አላገባሁም!" ብላ ጮኸች፤ እህቷ ከጓዳ ብቅ ብላ አይታ ተመለሰች።

ከዚያም እያለቀሰች ሽንኩርት በወተት ቀቅላ በትልቁ ኩባያ አቀረበችለት፤ "ይህን ሳትጨርስ ከዚህ አትወጣም" አለችው፤ እርሱም እንደ ሕፃን አፍንጫውን ይዞ ጠጣው። ሲወጣ ልትስመው ብትጠጋ በእጁ ከለከላት።

"ተይ፣ ይይዝሻል። ሲሻለኝ እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ።"

ከመሄዱ በፊት ለልብስ መቋጠሪያ ቀን ያዘጋጃትን ጥቅል፣ የእርሻ ኮቱንና ቦት ጫማውን በቀይ መሐረብ ቋጥሮ፣ አባባ ዳድሊ መኝታ ሥር አኖራት። "ስመለስ እዚያው ቀይሬ በዚያው ወደ ጎጆዬ ነኝ" አለው። ዳድሊ "ጭቃ ያለው ጫማ ከእግሬ ሥር ታኖራለህ፣ አንተ ባለጌ!" ብሎ ሰደበው፤ ያም የተነጋገሩት የመጨረሻ ነገር ሆነ።

በዚያች ሌሊት ጨረቃ ሙሉ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት፣ ሜዳው ቀን መስሎ ነበር። የቀደሙት ካምፑን በደንብ መቱ፤ የኋለኞቹ ግን ለምልክት በተጣለ ቢጫ መብራት ዙሪያ እየዞሩ ትእዛዝ እንዲጠብቁ ተነገራቸው፤ እነሃርከርም ከነዚህ መካከል ነበሩ። ትእዛዙ በሬዲዮ የሚመጣ ነው፤ በዚያው ሞገድ ላይ ግን የወዳጅ ሠራዊት ጣቢያ ለወታደሮቹ የዳንስ ሙዚቃ ይለቅ ነበርና፣ "ጣሉና ሂዱ" የሚለውን ድምፅ መለከቱና ከበሮው ዋጠው። ኧረ ምን ዓይነት ዕድል ነው! ዞሩ፤ ደግመው ዞሩ፤ የጀርመን ተዋጊዎች በጨረቃው ብርሃን መጥተው አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ከአጠገባቸው የነበሩ ሰዎች የነሃርከር አውሮፕላን ክንፉ ተቀጣጥሎ ሲወርድ አዩ፤ የጭራው መትረየስ እስከ መጨረሻው ይተኩስ ነበር አሉ፤ ጃንጥላ ሲከፈት ግን አላዩም። ከአርባ በላይ አውሮፕላኖች በዚያች ቀላል በተባለች ሌሊት አልተመለሱም፤ ከኛ ሜዳ ብቻ አራት።

ሳምንት አልሞላም፤ አዛዡ በዚያው አዳራሽ በዚያው መድረክ ላይ ሌላ ወረቀት ዘረጉ። በፈረንሳይ ላይ የሚፈጸም ግዳጅ እንደ ሲሶ እንዲቆጠር የተሰጠው ትእዛዝ ተሽሯል፤ ቀደም ብለው የተፈጸሙትም እያንዳንዳቸው እንደ ሙሉ ይያዙ። አነበቡትና ጥያቄ ያለው እንዳለ ጠየቁ። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት አዲሶች ነበሩ፤ ማንም አልተነሣም።

ኩዊኒ ክንፏ ተጠግኖ ለአዲስ አብራሪ ተሰጠች፤ ሻምበል ነው፣ ጫማው የሚያበራ፣ ክፋት የሌለው ሰው። አፍንጫዋን አይቶ ግራ ገባው።

"አስር አለቃ፣ ይህች ራስ የሌላት ምንድን ናት?"

"ሁለት ሲሶ ናት፣ ጌታዬ።"

"ሕጉ ተሽሯል እኮ። አስተካክላት፤ ለአውሮፕላኗ የሚገባትን ሙሉ ክብር ስጣት።"

"በአዲሱ ሕግ ልቁጠር፣ ጌታዬ?"

"በአዲሱ ነዋ፤ በየትኛው ሌላ?"

ዳድሊ መሰላሉን አቆመ። ራስ ለሌላት ራስ ሠራላት፤ ከዚያ በሲሶ የተዋጡትን ሌሎቹን ግዳጆች እያንዳንዳቸውን ሙሉ አድርጎ ሣላቸው። ወርዶ ራቅ ብሎ ሲያይ ሠላሳ ሦስት ሆነው አገኛቸው። ብሩሹን ሳያጥብ ጭቃው ላይ ጣለው፤ ሰሌዳ ቀቢ ሰው በዕድሜው ብሩሽ ሳያጥብ የጣለው ያን ቀን ብቻ ነው።

የልብስ መቋጠሪያ ቀን ነበር፤ ሜይ አሥራ አራት። መንገዱ ላይ ሎሌዎች ጥቅላቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለው፣ ተቀባብለው እየተሰዳደቡና እየሳቁ ያልፉ ነበር። ባለርስቱ ጎጆዋን በዚያው ጠዋት ለሌላ ሰው ሰጥቷል፤ "አዝናለሁ፣ ሂልዳ፣ ግን ቃሌን ታውቂያለሽ" ብሏታል። ዳድሊ ቀዩን ጥቅል ይዞ ወደ እህቷ ቤት ሊሄድ ሲነሣ፣ ሂልዳ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ኩዊኒን ስታይ አገኛት። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እየቆጠረች ነው።

"ማነው ቦምቧን የጨረሳት?" አለችው።

"እኔ ነኝ፣ ሂልዳ።"

"ሌሎች ሄደውባት ነው?"

ዳድሊ ሊዋሽ ፈለገ፤ እንዲያው እግዜር ያውቃል ፈለገ። አንዲት "አዎ" ትበቃው ነበር። ግን አይኖቿን እያየ አልሆነለትም።

"ሌላ ማንም አልሄደባትም። ሁሉም የነሱ ናቸው። ሕጉን ሻሩት፤ የፈረንሳዩም ሙሉ ሆነ።"

ሂልዳ እንደገና ወደ ቢጫዎቹ ቦምቦች አየች። "ሬጅ ታዲያ ስንት ቀርቶት ነበር?"

"ምንም አልቀረውም። በሁለተኛው የፈረንሳይ ግዳጅ ጨርሶ ነበር።"

"ኤፕሪል ላይ?"

"ኤፕሪል ላይ።"

"እኔን ሳይስመኝ የሄደው ለባዶ ነው?" አለች፤ ከዚያ በኋላ ከአፏ የወጣው ድምፅ በሜዳው ላይ ያሉትን መካኒኮች ሁሉ አስደነገጠ። ዳድሊ በአጥሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ጥቅሉን ሰጣት፤ ሌላ የሚሰጣት ነገር አልነበረውም። ኮቱን በመሐረቡ ውስጥ እንዳለ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቆመች።

ማምሻውን "ሰባቱ ኮከቦች" በሎሌዎች ተሞልቶ ሳለ ሂልዳ ቀዩን ጥቅል ይዛ ገባች፤ ዳድሊም ከኋላዋ። በኛ አገር ሴት ብቻዋን ወንዶች ወደሚጠጡበት ክፍል አትገባም ነበርና ወሬው ቀጥ አለ። ጥቅሉን አስቀምጣ ጠረጴዛው ላይ ወጣችና ሻማ አምጡልኝ አለች።

ባለቤቱ ሚስተር ሳንድስ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ተጨነቀ። "ሂልዳ፣ ልጄ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ግን እዚያ ላይ የሚጻፈው የጨረሰ ሰው ነው።"

"ጨርሷል።"

"እንዴት ሆኖ ጨረሰ? ሁላችንም የምናውቀው..."

"ጨርሷል" አለ ዳድሊ። "ሠላሳ ሦስት። የሣልኩት እኔ ነኝ። ሻማውን ስጣት።"

ሰጣት። በጭሱ አር. ቶይን ብላ ጻፈች፤ ከሥሩም የስድስቱን ጓደኞቹን ስም፣ ከሃርከር ጀምራ፣ ዳድሊ ከታች እየነገራት ጨመረች። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም። ሰም እጅጌዋ ላይ ፈሶ ነበር፤ ወርዳ ጥቅሉን አንሥታ ወደ እህቷ ቤት ተመለሰች።

ከጦርነቱ በኋላ ስለዚያ ዘመን ብዙ ተጻፈ። የአዛዦች ስም፣ የተጣለው ቦምብ ክብደት፣ በዚያች ሌሊት የተመታው ካምፕ፣ የጠፉት አውሮፕላኖች ሁሉ ተዘርዝረዋል፤ የሲሶውም ትእዛዝ ቢሆን አልተረሳም፤ "ከዚህ ግዳጅ በኋላ ተሻረ" የምትል አንዲት መሥመር ተሰጥታዋለች፤ ለነማን እንደዘገየች ግን አትናገርም። ኩዊኒን ቆራርጠው ለብረት ሸጧት፤ ቢጫ ቦምቦቿም አብረው ቀለጡ። ሬጅ ከስድስቱ ጋር በፈረንሳይ መንደር መቃብር ተቀብሯል፤ በአንድ ወቅት በሲሶ የተቆጠረ ሰው መሆኑን ድንጋዩ አይናገርም። የሚናገር ቢኖር የመጠጥ ቤቱ ጣሪያ ብቻ ነበር፤ ሂልዳም ሸምግላ፣ በየዓመቱ በልብስ መቋጠሪያ ቀን ከዚያ ጠረጴዛ ሥር እየተቀመጠች ቀና ብላ ታየው ነበር። በኋላ ቤቱን ከከተማ የመጣ ሰው ገዛው፤ ጣሪያው ቆሽሿል አለና፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በሁለት እጅ ነጭ ቀለም አስቀባው።